የኤርጫፎ መቃብር

በሌሞ ወረዳ እንደ ቅድመ አያቴ እንደ ኤርጫፎ ያለ ሰው አልተወለደም። ዘመዴ ስለሆነ አይደለም፤ ዘመዴ ባይሆንም ይህንኑ እል ነበር፣ ምናልባት ትንሽ ቀነስ አድርጌ። ከብቶቹ ውኃ ሲወርዱ የፊተኛዋ ላም ጠጥታ ስትመለስ የኋለኛዋ ገና ከበረት እየወጣች ነበር። ለቁመቱ ሲባል የቤቱ በር ሁለት ጊዜ ፈርሶ ከፍ ተደርጎ ተሠርቷል። ጎሽ የገደለው በጦር ነው፤ ጦሩ ሲሰበርበት በእጁ ጨረሰው። ይህን ሁሉ የነገረኝ አባቴ ላፌቦ ነው። በእጁ መጨረሱን ብቻ እኔ ነኝ ያሟላሁት።

ዛሬ ሆሳዕና መናኸሪያው አጠገብ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለኝ። ከእኔ ሚስማር ሳይገዛ የቆመ ቤት ሆሳዕና ውስጥ የለም ብል ማጋነን አይሆንም፤ ሚስቴ ሊዲያ ግን ይሆናል ትላለች። ሊዲያ አስተማሪ ናት፣ ማረም ልማዷ ነው። የኤርጫፎን ነገር ሰው ፊት ስጀምር ዝም ብላ ታዳምጠኝና አንድ ቦታ ላይ ስደርስ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። ሰው ጉንፋን ይመስለዋል።

ስምንት ዓመት ሳይሞላኝ ደርግ ወደቀ። በመውደቁ የእኔ እጅ አለበት አልልም፤ ልጅ ነበርኩ። ደርግ ገበሬውን ሁሉ ከየጓሮው አንስቶ በገመድ በተለካ መንደር ውስጥ አስፍሮት ስለነበር፣ እሱ ሲወድቅ መንደሩም አብሮ ፈረሰ። ሰው ሁሉ ምሰሶውን ነቅሎ ወደ ጥንት ቦታው ተመለሰ። አባቴ የቤታችንን በር፣ እናቴ ትርፊት ታናሽ እህቴን፣ እኔ አንዲት ዶሮ ተሸክመን ዳገቱን ስንወጣ ትዝ ይለኛል። ዶሮዋ ፍየል ታክል ነበር።

የጥንቱ ጓሮአችን ሰው አጥቶ ስለከረመ እንሰቱ ደመና ነክቷል። ከሥሩ ሲገቡ ፀሐይዋ አረንጓዴ ትሆናለች። አባቴ እየመራን ከላይኛው ጓሮ ወደ ታችኛው ወረድን፤ ላይኛው ገና ያልደረሰ ነው፣ ለመብል የደረሰው ሁሉ ያለው ታች ነው። ከታችኛው ጓሮ መጨረሻ ላይ፣ ሰው እንደተጋደመ ረዘም ያለ የአፈር ክምር አለ። በላዩ የደረቀ የእንሰት ቅጠል ተነጥፎበታል፤ በቅጠሉ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል። አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ኤርጫፎ እዚህ ነው» አለኝ። ልጅ ሳለ አንድ ቀን ሳያውቅ እዚያ ላይ ቢቆም እናቱ በጥፊ እንዳጮለችውና «አያትህን ረገጥከው» እንዳለችው ነገረኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ረግጦት አያውቅም።

እኔ ያስተዋልኩት ሽታውን ነበር። ኮምጠጥ ያለ፣ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ ሽታ ከክምሩ ይወጣል። ሰውዬው ከሞተ ስንት ዘመኑ ነው፣ ለምን እስካሁን ይሸታል ብዬ ጠየቅሁ። አባቴ ትንሽ አሰበና «ትልቅ ሰው ቶሎ አያልቅም» አለኝ። በቂ መልስ ነበር።

እናቴም ኤርጫፎን ከአባቴ ባልተናነሰ ታከብረው ነበር። ከጎረቤታችን ከሊዲያ እናት ጋር ሆና፣ ቢላዋና ትኩስ ቅጠል ይዘው ወደ ታች ይወርዳሉ። ያኔ ወንድ የሆነ ሁሉ ፊቱን ያዞራል። እኔ ግን ወንድነቴ ገና ስላልታወጀ ከእንሰት ጀርባ ሆኜ አያቸዋለሁ። ድንጋዩን ያነሳሉ፣ ያረጀውን ቅጠል ይቀይራሉ፣ መልሰው ይደረድራሉ። መቃብር እንዲህ ሲጠበቅ የትም አይቼ አላውቅም። ሲመለሱ በቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይይዛሉ። ለኤርጫፎ ምግብ ወስደው፣ በልቶ ያስተረፈውን የሚመልሱ ይመስለኝ ነበር። ትራፊው ደግሞ ይጣፍጥ ነበር።

የሊዲያ አባት ጋሽ ሄራሞ ነው። እሱም ወደ ጥንት ቦታው ሲመለስ ታችኛውን ጓሮ የእኔ ነው አለ። አባቱ ድንበሩ ላይ ቆርች ተክሎ ነበር፤ ቆርቹ የቆመው ደግሞ ከታችኛው ጓሮ በላይ ነው ባይ ነው። አባቴ በበኩሉ ቆርቹ የቆመው ከጓሮው በታች ነው አለ። ዛፉን ሄዶ ማየት ነበር የሚሻለው፤ ዳሩ መንደር ሲመሠረት ለስብሰባ አዳራሽ ተቆርጧል፣ ጉቶውንም ማገዶ ያጣ ሰው ነቅሎታል።

ለእኛ ቤት ነገሩ ቀላል አልነበረም። የእንሰት ችግኝ ለመብል እስኪደርስ ልጅ አድጎ ትምህርት ቤት ይገባል። ታችኛው ጓሮ ከሄደ አባቴ እንደ አገሩ ወጣት ሁሉ ሸንኮራ ቆረጣ ወንጂ ሊወርድ፣ እኔ ደግሞ ሾኔ ላለ አጎቱ ከብት ጠባቂ ልሆን ተወስኗል። ስለ እናቴና ስለ እህቴ የተባለ ነገር አልሰማሁም። አባቴ ስለ እነሱ ሲጠየቅ በሩን ያስተካክል ነበር።

ሽማግሌዎች ደጃችን ካለው መስክ ላይ ተቀመጡ። የሚመሯቸው ጋሽ ሶፎንያስ የሚባሉ፣ በወንጌል ምክንያት ታስረው የወጡ፣ እስር ቤት ውስጥ የተማሩትን ዝምታ ይዘው የቀሩ ሽማግሌ ናቸው። ሄራሞን ምስክርህ ማን ነው አሉት። ዛፉ አለ። ዛፉ የት ነው? አዳራሹ ውስጥ። አዳራሹስ? ተቃጥሏል። ጋሽ ሶፎንያስ ወደ አባቴ ዞሩ።

«የእኔ ምስክር አልተቆረጠም» አለ አባቴ። «ተኝቷል። ኤርጫፎ ታችኛው ጓሮ ውስጥ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። በእኛ አገር አባቶችህ የተቀበሩበት መሬት የአንተ ለመሆኑ ሌላ ማስረጃ አትጠየቅም። ሄራሞ ግን ሳቀ።

«ድንጋይ የተከመረበት ሁሉ ሰው ካለበት፣ እኔም ማጀቴ ሥር ንጉሥ አለኝ» አለ። «ይቆፈር። አጥንት ከወጣ ጓሮው የላፌቦ ነው። ካልወጣ የእኔ።»

አባቴ ቅር የሚለው መስሎኝ ነበር፤ ፊቱ በራ። የኤርጫፎ የቅልጥም አጥንት ምን ያህል እንደሚረዝም አገሩ በዓይኑ የሚያይበት ቀን መጣ ማለት ነው።

«ይቆፈር» አለ።

ያኔ ከቤት ውስጥ አንድ ቅል ወድቆ ሲሰበር ተሰማ።

ሊዲያ ጉሮሮዋን የምትጠርገው እዚህ ላይ ነው። እናቴ ይህን የነገረችን እኔና ሊዲያ ከተጋባን በኋላ ነው፤ ስለዚህ ለማያውቅ ልናገር። በእኛ ዘንድ እንሰት የሚተክለው ወንድ ነው። ከተቆረጠ በኋላ ግን ጉዳዩ የሴት ነው። ሴቶች ይፍቁታል፣ ጉድጓድ ቆፍረው በቅጠል ጠቅልለው ይቀብሩታል፣ አፈርና ድንጋይ ይጭኑበታል፤ እዚያ ውስጥ ተብላልቶ ኮቾ ይሆናል። በደንብ ከተቀበረ ዓመታት ይቆያል። ወንድ ወደ መፋቂያው ወይም ወደ ጉድጓዱ ቢጠጋ ነውሩ እስከ ልጅ ልጁ ይወራል። ስለዚህ በሌሞ የኮቾ ጉድጓድ ከፍቶ ያየ ወንድ የለም። እኔ እንኳ አላየሁም፣ ይህን ሁሉ የማውቅ ሰው።

አያቴ፣ ማለት የአባቴ እናት፣ ልጆች ጉድጓዷን እየረገጡ አየር ሲያስገቡባት ጊዜ አባቴን በጥፊ መትታ «አያትህ ነው» አለችው። እሷ የልጅ ማስፈራሪያ ነበር የተናገረችው። አባቴ ግን አምኖ አደገ፣ አምኖ አገባ፣ አምኖ ለልጁ ነገረ። ሊያጣራ ቢፈልግም ወንድ ነው፣ አይጠጋም።

እውነተኛውን ኤርጫፎ ፍለጋ ካገባሁ በኋላ ሾኔ ድረስ ሄጄ ነበር። ከዚያው ከባደዋቾ ተነስቶ የሰው ከብት እየጠበቀ ሌሞ የገባ፣ በእርጅናው ወንድሞቹ ዘንድ ተመልሶ የሞተ ሰው ነው አሉኝ። የተቀበረውም እዚያው ነው። አንድ እግሩን ያነክስ ነበር። ሁለት ላሞች ነበሩት፣ አንዷ የአደራ ናት። በዚያ ዘመን ሁለት ላም ማለት የአሁን ሁለት መቶ እንደሆነ ግን መታወቅ አለበት።

እናቴ ለአባቴ እውነቱን ለምን አልነገረችውም? አባቴ ውሸት አይችልም ነበር፤ ችሎታው ወደ እኔ በየት እንደመጣ አይታወቅም። ቢነግሩት ባርኔጣውን ጭኖ ቀጥ ብሎ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄዶ «ተሳስቻለሁ፣ ኮቾ ነው» ይል ነበር። ስለዚህ ሙት መቀስቀስ ኃጢአት ነው ብላ ልታስተወው ሞከረች። እሱ ደግሞ ኤርጫፎ ፀሐይ ቢያይ ደስ ይለዋል አላት።

በማግስቱ እናቴና የሊዲያ እናት ምንጭ ወርደው ውኃ ሳይቀዱ ቆመው ሲያወሩ ሰማሁ።

«የቲቶ አባት በጄ አላለም?» አለች የሊዲያ እናት። ቲቶ እኔ ነኝ።

«በጄ? ጋቢውን አጥቤ እንዳሰጣለት አዟል።»

«እንግዲያ ማልቀስ ነው የቀረን።»

«ማልቀሱማ አይቀርም፣ ከብትና ልጅ ይዤ የት ልገባ ነው?»

«እሱን አላልኩሽም፣ አንቺ ሴት። ማልቀስ ነው ያልኩሽ።»

እናቴ ቀና ብላ አየቻት። ለኤርጫፎ እንዲህ ማዘናቸው እኔንም አስለቀሰኝ። እዚያው ምንጩ ዳር ትንሽ አለቀስኩ፤ ምንጩ ሞልቶ የፈሰሰው ግን በዚያ አይደለም ይላሉ።

የመቆፈሪያው ቀን ጠዋት ጉም ነበር። ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ራቅ ብለው ቆሙ። አባቴ በነጭ ጋቢ፣ ሠርግ እንደሚጠብቅ ሰው ነው። ሄራሞ ዶማውን ይዞ ክምሩ አጠገብ ሲቆም ሽታው ደረሰውና አፍንጫውን አሸት አሸት አደረገ። በኋላ መዳፉ ላይ እንትፍ ብሎ ዶማውን አነሳ።

የሊዲያ እናት ከእንሰቱ መካከል ወጣች። ሻሿን ፈትታ ወገቧ ላይ ታጥቃለች፣ ጠጉሯ ተበትኗል። ይህች ሴት በጸሎት ቤታችን ሙሾ ማውረድ የአሕዛብ ነው ብላ ሌሎቹን የምትገሥጽ ናት። ደረቷን መትታ ክምሩ ላይ ወደቀች። በሀዲይኛ ያወረደችውን በአማርኛ ማምጣት ከባድ ነው፤ እንደምንም ስመልሰው እንዲህ ነበር፦

«በሰባ ሰባት ሰማዩ ሲደርቅ፣ አንተ አልደረቅህብንም! ሊዲያዬ ዓይኗ ሲፈዝ አፏን የዳበስክልኝ፣ ባሌ እንኳ ባዶ እጁን ሲመለስ ባዶ ያልሰደድከኝ፣ ዛሬ በዶማ ሊወጉህ!»

እናቴ ከኋላዋ ተከትላ ወደቀች። በእኛ አገር ልቅሶ የሰማ ሰው ከያዘው ሥራ ተነስቶ ይሮጣል፤ ማን ሞተ ብሎ መጠየቅ ከዕንባ በኋላ ነው። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ጓሮው ውስጥ ሞላ። መጀመሪያ አለቀሱ፣ ሲደክማቸው ማን እንደሞተ ጠየቁ፣ ሲነገራቸው እንደገና አለቀሱ። ልቅሶ በወደቀበት መሬት ላይ ደግሞ ዶማ አይነሳም። ሄራሞ ዶማውን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ።

አንድ ሽማግሌ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ኤርጫፎ የሞተው ከጣሊያን በፊት አይደለም ወይ፣ ሰባ ሰባትን ምን አገናኘው ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ሶፎንያስ ሴቶቹን ትክ ብለው አዩ። ከዚያ ክምሩን አዩ። እሳቸውም ወንድ ናቸውና ብዙ አላዩም።

«ሄራሞ» አሉ፣ «ዶማውን አውርድ። የገዛ ሚስትህ ያለቀሰችበትን ልትቆፍር ነው?»

«እኔ ኤርጫፎ የሚባል ሰው አላውቅም» አለ ሄራሞ።

«እሷ ታውቀዋለች።»

በዚሁ አለቀ። በባሏ ጥቅም ላይ የመሰከረች ሚስት ካለች ከዚያ ወዲያ ምስክር አይፈለግም ተባለ፤ ታችኛው ጓሮ የእኛ ሆኖ ቀረ። አባቴ ወንጂ አልወረደም። እኔም ሾኔ አልሄድኩም፤ ብሄድ ኖሮ ሾኔ ዛሬ የት በደረሰች።

ዕንባው የውሸት አልነበረም። በሰባ ሰባት ድርቅ ሊዲያም እኔም ሁለት ዓመት አልሞላንም። የሁለቱን ቤት ልጆች ያቆየው ያ ጉድጓድ ነው፤ ሁለቱ ሴቶች ከዚያ ወዲህ ባዶ እንዳይሆን ተማምለው፣ መንደር ውስጥ በነበርንባቸው ዓመታት እንኳ ማገዶ ለቀማ እያሉ ተመልሰው ይሞሉት ነበር። የሊዲያ እናት ድርሻዋን በእኛ ጓሮ ያስቀመጠችው ሄራሞን ፈርታ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቤት ውስጥ ያየውን ሁሉ ግን ሆሳዕና ገበያ አውጥቶ ይሸጣል። ጓሮው ለእናንተ ቢጨመር ምን ነበረበት ብዬ በኋላ አማቴን ጠይቄያት ነበር። «የሚሸጠው ይጨምር ነበር» አለችኝ። ድንበሩስ በእውነት የት ነበር አልኳት። የእሷ አማትና አያቴ አብረው ነው ያስተከሉት፣ ድንበር አላስታወሱም አለች። ቆርቹስ? የጥላ ነበር።

አባቴ በድሉ ማግስት መቃብሩን በድንጋይ አጠረው። ሴቶቹ ምን ይሁኑ? ከጎን በኩል መግቢያ አበጁ። አባቴ ጃርት ነው ብሎ ወጥመድ አጠመደ። በየዓመቱ ወጥመዱን አጠንክሮ፣ ጃርቱም በየዓመቱ ብልጠት ጨምሮ ኖሩ። እኔም ሱቅ ስከፍት ቆርቆሮ አለበስኩት፣ ዙሪያውን ሴራሚክ አስነጠፍኩ። እውነቱን ካወቅሁ በኋላ የኤርጫፎን ታሪክ አሳጥሬ ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ ካለ አያውቀኝም። ያን ሁሉ ለፍቶ የሞተን ሰው ጉድጓድ ስለሆነ ብቻ አላዋርደውም።

አባቴ ያረፈው አምና ነው። ከኤርጫፎ ጎን ቅበሩኝ ብሎ ተናዞ ነበር፤ እስከ መጨረሻው የነገረው ሰው የለም። ለቀብሩ የመጣው ሕዝብ ከመናኸሪያው እስከ ጓሮአችን ተሰልፎ ነበር። ሊዲያ ዳገቱ ድረስ ነው ትላለች።

የእድሩ ልጆች ከሴራሚኩ አጠገብ መቆፈር ጀመሩ። ከተማ ያደጉ ናቸው፣ ማንም አልነገራቸውም። አንዱ ዶማውን ሲሰነዝር የጎኑ አፈር ተናደና ያ ሽታ ቦግ ብሎ ወጣ። ልጁ አፍንጫውን ያዘ። ከውስጥ ትኩስ ቅጠል ታየ፤ በዚያው ሳምንት የተነጠፈ ቅጠል። ሰው መንጠራራት ጀመረ። እናቴና አማቴ መሬት መሬት ያያሉ። አስከሬኑ ተቀምጧል። አገር ሁሉ በአባቴ ሊስቅ ነው፣ እሱ መልስ መስጠት በማይችልበት ቀን። በሕይወቴ ቃል አጥቼ አላውቅም፤ ያን ጊዜ አጣሁ።

ሄራሞ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር። ምርኩዙን ተደግፎ ተነሳ፣ ልጆቹን ገፋ ገፋ አድርጎ እስከ ጉድጓዱ አፍ ሄደ። ወንድ የማይቆምበት ቦታ ላይ ቆመ። ቅጠሉን አየ፣ አሸተተ፣ ቀና ብሎ ሚስቱን አየ። እሷም አየችው። ከተጋቡ ወዲህ ያልተነጋገሩት ሁሉ ያኔ የተነጋገሩ ይመስለኛል፤ ከሩቅ የታየው ግን ሽማግሌው አንገቱን መነቅነቁ ብቻ ነው።

«አፈሩን መልሱ» አለ ልጆቹን። «ኤርጫፎ ነው። እኔ አውቀዋለሁ።»

«ጋሽ ሄራሞ፣ ቅጠሉ እኮ…» አለ አንዱ ልጅ።

«የአማቾቼን መቃብር አንተ አታስተምረኝ። መልስ አልኩህ።» ከዚያ በምርኩዙ ከአጥሩ ወዲያ ያለውን የራሱን መሬት ጫር አደረገ፣ ገብስ የቆመበትን። «ላፌቦን እዚህ አምጡት። ወደ እኔ በኩል።»

አባቴ የተቀበረው እዚያ ነው፤ ገብሱ ለጉድጓዱ ልክ ታጭዶ።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ለለቀስተኛው ኮቾ ቀረበ። ሄራሞ ከፊቱ ያለውን ሲያይ ቆይቶ ቀስ እያለ በላ። አጠገቡ የነበሩት ሰዎች ያ መቃብር ውስጥ ያለው በእውነት ማን ነው ብለው ያዙት። እጁን ታጠበ። ኤርጫፎ የሞተው እሱ ሳይወለድ ቢሆንም፣ አባቱ ሲነግረው የሰማውን ሊናገር እንደሆነ አስታወቀ። አንድ ክረምት ወንዙ ሞልቶ፣ አባቱ ገና ሕፃን ሆኖ ወዲያ ማዶ ቀርቶ፣ ሰው ሁሉ ተስፋ ቆርጦ ሲመለስ፣ ኤርጫፎ ገብቶ በትከሻው አሻግሮት ነበር አለ። ውኃው እስከ አገጩ ደርሶ ነበር አለ። ልጁን ለእናቱ ሰጥቶ፣ ስሙን ሳይናገር ሄደ።

እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም፤ ማንም ሰምቶ አያውቅም። ሄራሞ ሲጨርስ ሰዎቹ ወደ እኔ ዞሩ፣ የኤርጫፎ ዘር ምን እንደሚል ሊሰሙ።

እንደዚያው ነው አልኳቸው። ምንም አልጨመርኩበትም።